ፕላዝማው ሳይፈርስ መድረስ

(ይህ ጽሑፍ ስለ ፊውዥን ኃይል በሕዝብ ፊት የቀረበ ንግግር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ! ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ፊውዥን ሲወራ ከሰው አፍ ቶሎ የሚወጣው ጥያቄ «ቢፈነዳስ?» የሚለው ነው። ቼርኖቤልንና ፉኩሺማን የሰማ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔም ከዚያው ልጀምር።

አይፈነዳም። ቼርኖቤልና ፉኩሺማ ከባድ አቶም እየሰነጠቁ ኃይል የሚያመነጩ ነበሩ። የፊውዥን መንገድ ተቃራኒው ነው። ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የሚባሉ ሁለት የሃይድሮጅን ዓይነቶች ይዋሃዳሉ፤ ከውህደቱ ሂሊየምና አንድ ፈጣን ኒውትሮን ይወጣሉ። ይህ እንዲሆን ነዳጁ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። የፀሐይ እምብርት እንኳ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይ በዚያ ሙቀት የሚበቃት በገዛ ክብደቷ ነዳጇን ስለምትጨምቀው ነው። እኛ ያን ያህል የመጨመቅ አቅም የለንም። ያለን አማራጭ የበለጠ ማሞቅ ነው።

በዚህ ሙቀት ኤሌክትሮኖች ከአቶሞቻቸው ይላቀቃሉ። ነዳጁ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ለማግኔት የሚታዘዝ ነገር ይሆናል። ፕላዝማ የምንለው ይህንን ነው። በጣም ስስ ነው፤ ከምንተነፍሰው አየር በመቶ ሺዎች እጥፍ የሳሳ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካዳራሽ ውስጥ እየተገነባ ያለውን ኢተር የተባለ ማሽን ውሰዱ። ፕላዝማው 840 ሜትር ኩብ ቦታ ይሞላል። በዚያ ሁሉ ቦታ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚኖረው ነዳጅ ግን ከአንድ ግራም ያነሰ ነው። ትንሽ ነገር ከረበሸው ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ ውህደቱ ይቆማል። አለቀ።

ስለዚህ ጣጣችን መፈንዳቱ ሳይሆን ድንገት መጥፋቱ ነው። ሲጠፋም በሰላም አይጠፋም። በውስጡ የያዘው ሙቀትና የኤሌክትሪክ ጅረት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ የሚሄደውም ወደ ማሽኑ ግድግዳ ነው። ጎረቤት አይጎዳም፣ ከተማ አይጎዳም። በቢሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ የፈሰሰበት ማሽን ግን ይጎዳል። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ይህ እንዳይሆን ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ነው።

ብዙ ሰው የፊውዥን ችግር ማሞቅ ይመስለዋል። ማሞቁ ቀላል ነው አልልም፤ ግን እሱ ከሞላ ጎደል ተችሏል። በእንግሊዝ፣ ኦክስፎርድ አጠገብ የነበረው ጄት የተባለ ማሽን በ2023 ከ5 ሰከንድ በላይ ውህደት አካሂዶ 69 ሚሊዮን ጁል ኃይል አውጥቷል። የፈጀው ነዳጅ 0.2 ሚሊግራም ነው። የከበደው ነገር ፕላዝማውን አረጋግቶ መያዝ ነው። ይህም የዛሬ ችግር አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮን አለ።

በጥር 1958 በእንግሊዝ ሐርዌል የነበሩ ተመራማሪዎች ዜታ በተባለው ማሽናቸው ውስጥ ኒውትሮኖች አዩ። የውህደት ምልክት ነው ተባለ፤ ጋዜጦችም አጮኹት። ወራት ሳይቆይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኒውትሮኖቹ የወጡት ነዳጁ ስለጋለ አልነበረም። ፕላዝማው ሲናወጥ በውስጡ የተፈጠረው ኤሌክትሪክ ጥቂት ኒውክሊየሶችን (የአቶም እምብርቶችን) አስፈንጥሮ እርስ በርስ ስላጋጫቸው ነበር። ተስፋ ሰጪ የመሰለው ምልክት ራሱ የመናወጡ ውጤት ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔው የመጣው ከሞስኮ ነው። ኢጎር ታምና አንድሬ ሳካሮቭ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሐሳቡን አመነጩ፤ ሌቭ አርትሲሞቪች የመሩት ቡድን ሠራው። ቶካማክ ይባላል። አየሩ የተመጠጠ፣ ቀለበት የሚመስል የብረት ክፍል አስቡ። በዙሪያው የተደረደሩ ኮይሎች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅሎች፣ በቀለበቱ ዙሪያ የሚሄድ ጠንካራ የማግኔት መስክ ይሠራሉ። በፕላዝማው ውስጥ ደግሞ ከፍተኛ ጅረት እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ይህ ጅረት የራሱን መስክ ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ የመስክ መስመሮቹ እየተጠማዘዙ ቀለበቱን ይዞራሉ። በ1968 ሩሲያውያኑ ቲ-3 በተባለው ቶካማክ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ አገኘን ሲሉ ምዕራባውያኑ ለማመን ከበዳቸው። በ1969 እንግሊዛውያን የሌዘር መለኪያቸውን ጭነው ሞስኮ ሄዱ፤ ለኩ፤ እውነት ሆኖ አገኙት። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ዘመን አንዱ ወገን የሌላውን ሥራ ቤቱ ድረስ ሄዶ መስክሮለታል። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ቶካማክ መሥራት ጀመረ።

ቶካማክ ግን የራሱን መዘዝ ይዞ መጣ። መዘዙ በፕላዝማው ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ነው። ያለ እሱ የመስክ መስመሮቹ አይጠማዘዙም፤ ስለዚህ ያስፈልጋል። ሲበዛ ደግሞ ፕላዝማው ራሱ ይጠማዘዝና ግድግዳ ይመታል። ለዚህ አንድ የታወቀ ቁጥር አለ። የመስክ መስመር በቀለበቱ ረጅም ዙሪያ ስንት ጊዜ ዞሮ ነው በአጭሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ የሚዞረው የሚል ነው። ጅረቱ በዝቶ በፕላዝማው ጠርዝ ላይ ይህ ቁጥር ወደ 2 ከወረደ ፕላዝማው መቆም አይችልም። ኢተር የሚሠራው 3 ገደማ ላይ ነው። ያ ልዩነት የመተንፈሻ ቦታው ነው።

አሁን ወደ ቁጥጥሩ ልግባ።

የመጀመሪያዎቹ ቶካማኮች ፕላዝማ ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ቢታይ የተቆረጠው ፊት ክብ ነበር። በኋላ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲለጠጥ የበለጠ ጅረትና የበለጠ ግፊት እንደሚችል ታወቀ። እንዲለጠጥ ደግሞ ከላይና ከታች ያሉ ኮይሎች ይስቡታል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፕላዝማው በአጋጣሚ ትንሽ ወደ ላይ ቢል ወደ ላይኛው ኮይል ይቀርባል። ሲቀርብ የበለጠ ይሳባል፤ ሲሳብ የበለጠ ይቀርባል። ልጅ ሳለን ዱላ በመዳፋችን ላይ ለማቆም እንሞክር የነበረውን አስታውሱ። ዱላው በራሱ አይቆምም፤ የሚቆመው እጃችን ስለሚከተለው ነው። የተለጠጠ ፕላዝማም እንዲሁ ነው፤ ለአፍታ እጅ ከተነሳበት ይሄዳል።

ስንት ጊዜ አለን? ግድግዳ ባይኖር ኖሮ ምንም ጊዜ አይኖረንም ነበር፤ ነገሩ በማይክሮ ሰከንዶች፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች፣ ያልቅ ነበር። እዚህ ላይ የብረቱ ክፍል ራሱ ይረዳናል። ፕላዝማው ሲንቀሳቀስ በብረቱ ውስጥ ጅረት ይቀሰቀሳል፤ ያ ጅረት እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም፤ ያዘገየዋል። ማይክሮ ሰከንድ የነበረው ሚሊ ሰከንድ፣ የሰከንድ ሺህኛ ክፍል፣ ይሆናል። ሚሊ ሰከንድ ደግሞ ለኮምፒውተርና ለኮይል በቂ ነው። በክፍሉ ግድግዳ ዙሪያ የተተከሉ መለኪያዎች መስኩን ያነባሉ። 100 ሚሊዮን ዲግሪ ውስጥ ዕቃ ማስገባት ስለማይቻል የፕላዝማው ቅርጽና ቦታ የሚታወቀው ከውጭ ከተነበበው መስክ በስሌት ነው። ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ የኮይሎቹን ጅረት ያስተካክላል፣ እንደገና ይለካል። ይህ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። የሰው እጅ እዚህ ቦታ የለውም።

ሌላው ችግር የመጣው ከትልቅ የምሥራች ጋር ነው። በ1982 በጀርመን ጋርሺንግ፣ አስዴክስ በተባለው ማሽን ላይ ይሠሩ የነበሩት ፍሪትዝ ዋግነር አንድ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ማሞቂያውን ሲጨምሩ ፕላዝማው ድንገት ሙቀቱን ይበልጥ አጥብቆ መያዝ ጀመረ፤ የመያዝ አቅሙ በእጥፍ ገደማ አደገ። ይህ ሁኔታ ኤች-ሞድ ይባላል። በጠርዙ ላይ ሙቀት የማያሳልፍ ቀጭን ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ ግን ግፊቱ ሲበዛበት በየጊዜው ይፈነዳና የሙቀት ትፍታ ወደ ግድግዳው ይልካል። በትንሽ ማሽን ላይ ይህ ይቻላል። በኢተር መጠን ሲሆን ግን የግድግዳውን ቱንግስተን የተባለ ብረት ሊያቀልጥ ይችላል። በሳን ዲዬጎ ያለው ዲ-ስሪ-ዲ የተባለ ማሽን በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንድ መላ አሳየ። ጠርዙ ላይ ያለውን መስክ በትናንሽ ኮይሎች ሆን ብሎ በጥቂቱ ማወክ ነው። ሽፋኑ ያኔ ግፊቱን ቀስ እያለ ያስተነፍሳል፤ ትፍታው ይቀራል። ኢተር ለዚህ ሥራ ብቻ 27 ኮይሎች በክፍሉ ውስጥ ይገጠሙለታል።

ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ። ባለሙያዎቹ ዲስራፕሽን ይሉታል፤ የፕላዝማው ድንገተኛ መፍረስ ነው። በትልቅ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆንበትን አንድ መንገድ ቀረብ ብለን እንየው።

ሁሉም ነገር ደህና ነው። ከዚያ በፕላዝማው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የመስክ መስመሮች ተቀድደው በሌላ መልክ ይገጣጠማሉ። በመሃላቸው ባለሙያዎቹ ማግኔታዊ ደሴት የሚሉት ነገር ይፈጠራል። በደሴቱ ውስጥ ሙቀት በቀላሉ ያመልጣል። ፕላዝማው ስለሚሽከረከር ደሴቱም አብሮት ይሽከረከራል፤ በመለኪያዎቹ ላይ እንደ ሞገድ ይታያል። ሞገዱ ከፍ እያለ ሲሄድ ደሴቱ እያደገ ነው ማለት ነው። ሲያድግ ግድግዳው ላይ የሚቀሰቅሰው ጅረት ይጎትተዋል። ሽክርክሪቱ ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል። መለኪያው ላይ ሞገዱ ድንገት ይጠፋል። ለማያውቅ ሰው ነገሩ የተረጋጋ ሊመስል ይችላል፤ ለሚያውቀው ግን ትልቁ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ በኋላ የቀረው ጊዜ በሚሊ ሰከንዶች የሚቆጠር ነው።

ከዚያ የፕላዝማው ሙቀት በሙሉ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ይለቀቃል። በኢተር ላይ ይህ እስከ 350 ሚሊዮን ጁል ሊደርስ ይችላል። ቀጥሎ ጅረቱ ይወድቃል። በኢተር 15 ሚሊዮን አምፔር በአንድ ሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ሲጠፋ በማሽኑ ብረት ውስጥ ሌላ ጅረት ይቀሰቀሳል። ይህ ጅረት ከጠንካራው መስክ ጋር ሲገናኝ መላውን ክፍል የሚገፋ ኃይል ይወጣል። በጄት ላይ እንኳ በመቶዎች ቶን የሚገመት ኃይል ታይቷል።

የመጨረሻው ጣጣ የሸሹ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ፕላዝማው ሲቀዘቅዝ ጅረትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ጅረቱ እንዳይወድቅ የሚሞክር ቮልቴጅ ይፈጠራል። በፕላዝማ ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሮን በፈጠነ ቁጥር የሚገጥመው ፍትጊያ ይቀንሳል። ስለዚህ ከተወሰነ ፍጥነት ያለፈ ኤሌክትሮን የሚያስቆመው የለም፤ ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋል። እነዚህ ተሰብስበው አንድ ቦታ ቢመቱ ብረት ያቀልጣሉ።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ደሴቱ ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት ማይክሮዌቭ ጨረር በትክክል እዚያው ላይ ተነጣጥሮ፣ የጎደለውን ጅረት ሞልቶ ሊዘጋው ይችላል። ይህ በብዙ ማሽኖች ላይ ተሠርቷል። ካመለጠ ግን መፍረሱን ማስቆም አይቻልም፤ የሚቻለው ማለስለስ ነው። የቀዘቀዘ የሃይድሮጅንና የኒዮን በረዶ ይተኮሳል፤ ከመግባቱ በፊት በታጠፈ ቱቦ ውስጥ ተጋጭቶ ይሰባበራል፤ ስብርባሪው ፕላዝማው ውስጥ ይበተናል። ኒዮኑ ሙቀቱን በብርሃን መልክ በየአቅጣጫው ይበትነዋል። አንድ ቦታ ሊያቃጥል የነበረው ሙቀት መላውን ግድግዳ ለብ ያደርጋል። ኢተር በዚህ ይመካል።

እኔ ግን ልቤን የሚወስደው በረዶው አይደለም። በረዶው የመጨረሻ መከላከያ ነው። እዚያ ከተደረሰ የዚያ ቀን ሙከራ አልቋል። ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ደግሞ በየቀኑ እንዲህ እየሆነ ሊቀጥል አይችልም። ተስፋዬ ያለው ቀድሞ በማወቅ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ ሁለት ትልልቅ እርምጃዎች ታይተዋል። በየካቲት 2022 በስዊዘርላንድ ሎዛን ያለው ቲሲቪ የተባለ ቶካማክና ዲፕማይንድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ አንድ ላይ የሠሩት ሥራ ታተመ። አንድ ፕሮግራም በኮምፒውተር በተሠራ የማሽኑ አምሳያ ላይ ደጋግሞ ተለማመደ። ከዚያ በቀጥታ እውነተኛው ማሽን ላይ ሥራ ጀመረ። 92 መለኪያዎችን እያነበበ፣ 19 ኮይሎችን በሰከንድ 10,000 ጊዜ እያዘዘ ፕላዝማውን ያዘ። የተለያየ ቅርጽ ሰጠው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ፕላዝማ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጎም አቆመ። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ቅርጽ መሐንዲሶች ለየብቻ የሚቀምሩትን መቆጣጠሪያ እዚህ አንድ ፕሮግራም ከልምምድ አገኘው።

ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል። በየካቲት 2024 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች በዲ-ስሪ-ዲ ላይ የሠሩትን አሳተሙ። ፕሮግራሙ ካለፉ ሙከራዎች መዝገብ ተምሯል። ቅድም ያወራሁላችሁን መቀደድ ከመከሰቱ 300 ሚሊ ሰከንድ ቀደም ብሎ ይገምታል። 300 ሚሊ ሰከንድ ለእኛ የዓይን ጥቅሻ ነው፤ ለፕላዝማ ግን ረጅም ዕድሜ ነው። ዋናው ነገር መገመቱ ብቻ አይደለም። አደጋው ሲቀርብ የማሞቂያውን ጉልበትና የፕላዝማውን ቅርጽ ትንሽ ይለውጣል፤ ፕላዝማው ወደ አደጋው ሳይገባ አጠገቡ ያልፋል። ግፊቱም ብዙ ሳይወርድ ሙከራው ይቀጥላል።

አሁን ግን አንድ ከባድ ነገር ላንሳ፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ እሱ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች መፍረስን የሚያውቁት ከፈረሱ ፕላዝማዎች ነው። ዲ-ስሪ-ዲም ጄትም በአሥርት ዓመታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ መፍረሶችን መዝግበዋል። መዝገቡ ሀብት የሆነው ማሽኖቹ ያን ሁሉ ችለው ስላለፉ ነው። ኢተር ግን በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ጥቂት መፍረስ እንኳ ይከብደዋል። የሚማርበትን ስህተት ለመሥራት አይችልም። ስለዚህ ከሌሎች መማር አለበት። በ2019 የታተመ አንድ ሥራ ይህ እንደሚቻል ፍንጭ ሰጥቷል፤ በዲ-ስሪ-ዲ መዝገብ የሠለጠነ ፕሮግራም የጄትን መፍረሶች መገመት ችሏል። ከጄት ጥቂት መረጃ ሲጨመርለት ደግሞ ግምቱ ተሻሻለ። ጥቂቱ ምን ያህል ጥቂት ሊሆን ይችላል የሚለው ግን በኢተር ላይ ገና የሚፈተን ነው።

ለዚህ ነው የጄት የመጨረሻ ቀን ትልቅ ቦታ የሚሰጠው። ጄት በ1983 ሥራ ጀምሮ በታኅሣሥ 2023 ተዘጋ። የመጨረሻው ሙከራው ቁጥር 105,842 ነበር። በዚያ ቀን ተመራማሪዎቹ በ40 ዓመት ውስጥ ሲሸሹት የኖሩትን ነገር ሆን ብለው አደረጉ፤ የኤሌክትሮን ጨረር ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አነጣጠሩ። ማሽኑ ከዚያ በኋላ አይሠራም፤ ስለዚህ ጉዳቱን ማጥናት ይቻላል። እነዚያ ሰዎች ለራሳቸው ማሽን የሚጠቅም አንዳች ነገር አልፈለጉበትም። የሠሩት ለሚቀጥለው ነው።

«ጅረቱ ነው ችግሩ ካላችሁ ለምን አትተዉትም?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው። በሰሜን ጀርመን ግራይፍስቫልድ ያለው ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስቴላሬተር ይባላል። መስኩን የሚያጠማዝዙት ውስጣዊ ጅረት ሳይሆን ራሳቸው የተጠማዘዙ 50 ኮይሎች ናቸው። በፕላዝማው ውስጥ ትልቅ ጅረት ስለሌለ የዚህ ዓይነት መፍረስ አያሰጋውም። ዋጋው አሠራሩ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ኮይል በሚሊሜትር ጥንቃቄ መሥራትና መግጠም እጅግ አድካሚ ነው። እኔ ሁለቱም መንገድ ሊታገዝ ይገባል ባይ ነኝ። በትልቅ መጠን ውህደት ያሳየው ግን እስካሁን ቶካማኩ ነው።

በየካቲት 2025 ካዳራሽ ያለው ዌስት የተባለ ቶካማክ ፕላዝማ 1,337 ሰከንድ ያዘ፤ ከ22 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። ከወር በፊት በቻይና ሄፌ ኢስት የተባለው 1,066 ሰከንድ ይዞ ነበር። እነዚህ የዲዩቴሪየምና የትሪቲየም ቅልቅል ያልተጠቀሙ፣ በአነስተኛ ጉልበት የተካሄዱ ሙከራዎች ናቸው። ግን ፕላዝማን በሰከንድ ሳይሆን በደቂቃ መቁጠር ጀምረናል።

ኢተር በአዲሱ ዕቅድ መሠረት ምርምሩን በ2034 ይጀምራል፤ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የሚገባው በ2039 ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት የባከኑ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደሉም። ሥራው በዝቅተኛ ጅረት ይጀመራል፤ በየደረጃው ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ፕላዝማ ማስነሳት ብቻ ሳይሆን ማውረድም ሥራ ነው። በጄት ብዙ መፍረሶች የገጠሙት ሙከራው ሊያልቅ ሲል፣ ጅረቱ እየወረደ ሳለ ነው። ማሞቂያው ሲቀንስ ከግድግዳው የወጣ ቱንግስተን መሃል ላይ ይጠራቀማል፤ እምብርቱ ይቀዘቅዛል፤ ደሴት ይፈጠራል። ስለዚህ በኢተር ከእያንዳንዱ ደረጃ በሰላም መውረድ ይለመዳል፤ እሱ ሲረጋገጥ ነው ወደሚቀጥለው የሚወጣው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።